አራት ትርፍ ቅርንጫፎች

የሆስፒታል ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም በሚሠራው ድርጅት ውስጥ ከእሱ በላይ የቆየ ሰው አልነበረም። ወጣቶቹ «ጋሼ» ይሉታል። የድርጅቱ ኮድ ከነለውጥ ታሪኩ ከድሮው ማከማቻ ወደ አዲሱ እንዲሻገር ሲወሰን፣ ሥራው ያለ ክርክር ለእሱ ተሰጠ። በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሆን ፕሮግራም ተከለ፤ በየማለዳው ከድሮው ወደ አዲሱ ይገለብጣል።

ከዋናው ኮድ ተገንጥሎ ለብቻው የሚሠራበትን ቅጂ «ቅርንጫፍ» ይሉታል፤ ሦስት ቅርንጫፍ ነበር የጠበቀው። ሰባት መጣ።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። የድሮው ማከማቻ የተሰረዘን ነገር ከዓይን ይሰውራል እንጂ አይረሳም፤ ድልድዩ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ ያወጣል። ከትርፎቹ ሦስቱ የማንም ያልሆኑ የሙከራ ቅሪቶች ነበሩ። አራተኛው ላይ «መርፌ» የሚል ስም ነበር።

መርፌ የድሮ ባልደረባው ናት፤ ማንም ያላየውን ስህተት ለቅማ ስለምታወጣ ነው ስሙ የወጣላት። ከስምንት ዓመት በፊት ሁለቱ አንድ ሥራ በየፊናቸው ሞከሩ። የእሷ በለጠ። የያኔው አለቃ ከማየቱ በፊት ጋሼ ቅርንጫፏን ሰረዘውና፣ ሲጠየቅ «እኔ ያየሁት ነገር የለም» አለ። በወሩ ሥራ ለቀቀች።

አሁንም ከአዲሱ ማከማቻ ሰረዘው። በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ዝርዝሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ደግሞ ሰረዘው፤ ደግሞ መጣ። ድልድዩን «ይህን ዝለል» ብሎ ማዘዝ ይችል ነበር፤ እጁ እምቢ አለው።

«ሦስት ጊዜ ጠራሁህ እኮ! ምን ሆነሃል?» አለችው ሚስቱ ቁርስ ላይ።

«ምንም።»

ቢሮ ሲደርስ ቁጥሯን ፈልጎ ደወለ። ያ ሥራዋ እንደተገኘ፣ ያኔ የሰረዘውም እሱ እንደሆነ ነገራት።

«በእውነት ነበር?» አለች። «እኔ እኮ ራሴን ነው የተጠራጠርኩት። ሳልሠራ የሠራሁ መስሎኝ ይሆን እያልኩ። ሐኪም ዘንድ ሁሉ ሄጃለሁ።»

«ነበር። ቀኑም ስምሽም አለበት።»

«በል ላክልኝ» ብላ ዘጋችው።

ላከላት። ከዚያ የአሁኗ አለቃ ቢሮ ገብቶ ሁሉንም ተናገረ።

«ጋሼ፣ የስምንት ዓመት ነገር ምን ያደርግልዎታል?» አለችው። «ያጽዱትና ሥራውን ይጨርሱ።»

ሦስቱን አጸዳ። የመርፌን ግን አልነካውም።

መርፌ መልስ አልላከችም። የላከላት ፋይል ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ግን እሱ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይታያል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አርባ አንድ ጊዜ ተከፍቷል።