ለደመወዝ የተላኩ ሽማግሌዎች

በዚህ በስደት አገር በእኛ ሰው ዘንድ አካውንታንት ልጅ ያላት እናት ሀብታም ናት። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ፖይንት ኩክ የሚባል ሰፈር አንዲት ትንሽ የሂሳብ ቢሮ የተቀጠረች ሰሞን ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያልሳመኝ አልነበረም። "እንግዲህ አረፍሽ" አሉኝ። እኔም ያረፍኩ መስሎኝ ነበር፤ አዛውንቶችን የምንከባከብበትን ሺፍት ልቀንስ ሁሉ አስቤአለሁ።

ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። አካውንታንት ሲጀምር የሚያገኘው ትንሽ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨረስኩ ቢልም ለሙያው ማረጋገጫ እንደገና ይፈተናል። እየሠራ ያጠናል፣ እስኪያልፍ ድረስ በጀማሪ ደመወዝ ይቆያል። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ፣ ከልጄ ጋር ኮሊንግዉድ ሰፈር የመንግሥት ፎቅ ላይ አብራ ያደገችው፣ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ገብታ የቅዳሜና እሁድ ሺፍት መሥራት ጀመረች። ወዲያው ልጄን በለጠቻት። መኪናም ገዛች። እናቷ እትዬ ሲቀልዱ አይምሩም፤ "ያንቺዋ የሰው ብር ትቆጥራለች፣ የእኔዋ የራሷን" አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። ልጄ ግን አልሳቀችም።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ወደ ቤታችን ወደ ታርኔት ስንመለስ፣ መሪውን እንደያዘች፣ "እማ፣ ፈተናውን ትቼ ዌርሃውስ ልገባ ነው" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

"ለምን አለቃሽን ጨምሪልኝ አትያትም?"

"እንደዚህ ተብሎ አይጠየቅም።"

"ታዲያ እንዴት ተብሎ ነው የሚጠየቀው?"

ፍሬቻ አበራችና መስመር ቀየረች። ለካስ አታውቅም። ከማን ትማረው? እኔ በሕይወቴ ደመወዝ ጨምሩልኝ ብዬ አላውቅም፤ የሰጡኝን አመስግኜ ነው የተቀበልኩት። ሥራውን እንደምትወደው ግን አውቃለሁ። የአንድ ዳቦ ቤት ሂሳብ አስተካክላ የመጣች ቀን እራት እስኪቀርብ ድረስ ስለ እሱ ነው የምታወራው። ያ ልጅነቷን ሙሉ የደከመችበት ነገር በአፍ እጦት ሊቀር ነው።

እኛ ዘንድ ሰው የራሱን ጉዳይ በራሱ አፍ አይጠይቅም። ሚስት ቢፈልግም፣ የተጣላውን ሊታረቅ ቢያስብም ሽማግሌ ይልካል። እኔም ሽማግሌ ላክሁ።

ለልጄ ሳልነግራት ቢሮዋ ደውዬ "የቤተሰብ ጉዳይ ነው" ብዬ ከአለቃዋ ጋር አፖይንትመንት ቡክ አደረግሁ። የእድራችን ሰብሳቢ የነበሩትን ጋሼን ለመንኳቸው። እትዬም ሲሰሙ "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። "እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚቀልዱባት?" ብላቸው፣ "ስቀልድ ነዋ፤ ልጅቷ እኮ ከእኔ ማዕድ በልታ ነው ያደገችው" ብለው ነጠላቸውን አነሱ።

ቢሮው ውስጥ ስንገባ ልጄ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። ጋሼ ሱፋቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል።

"እማ፣ ምንድን ነው?"

"ሽማግሌ ነው።"

"ለማን?"

"ላንቺ።"

አለቃዋ ሽበቷን ቀለም የማታስነካ ደርባባ ሴት ናት። ፈገግ ብላ ወንበር ሳበችልን። ጋሼ እጃቸውን አነባብረው ቆሙ። "የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ። የእሳቸው እንግሊዝኛ ለገበያ እንጂ ለሽምግልና አይበቃም፤ የኔም እንዲሁ። ስለዚህ ሁላችንም ወደ ልጄ ዞርን።

"እኔ ይህን አልተረጉምም" አለችኝ በቀስታ።

"ጋሼን እዚህ አቁመሽ ልታሳፍሪያቸው ነው?"

ተረጎመች። አለቃዋ ሰው የሞተ መስሏት ይሆናል፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጋሼ ቀጠሉ፤ "ቤትዎን እግዚአብሔር ይባርከው። ልጃችን እርስዎ ዘንድ ብትቆይ ደስ ይለናል። እንድትቆይ ግን የሚያቆያት ነገር ያስፈልጋል።" ልጄ መሬት መሬት እያየች ይህንንም ተረጎመችው።

አለቃዋ ገባት። "የሠራተኛዬን ደመወዝ ከሌላ ሰው ጋር ማውራት አልችልም" አለች።

ጋሼ ሲተረጎምላቸው ግራና ቀኝ አዩ። "ሌላ ሰው የቱ ነው?"

ሴትየዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ፣ "አንቺ ራስሽ የምትይው ነገር አለ?" አለቻት። ልጄ ወደ እኔ አየች። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው፣ "ልጄ፣ ተናገሪና ገላግዪን፤ ጉልበቴ ከዳኝ" አሉ።

ያኔ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ረጅም ነበር። ስለ ፈተናው፣ ከሥራ በኋላ ስለምታጠናበት ሰዓት፣ እሷን ብለው ስለሚመጡ ደንበኞች፣ ልትለቅ እንዳሰበችም ጭምር። ጋሼ ጠጋ ብለው "ይህን ሁሉ እኔ ነኝ ያልኩት?" ብለው ጠየቁኝ።

አለቃዋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በጀማሪነቷ ቧንቧ ሠራተኛ ወንድሟ ከእሷ በላይ እያገኘ ለዓመታት እንደሳቀባት ነገረችን። በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ደመወዝ ቀጭን ነው፤ ፈተናውን ሲያልፉ ይወፍራል፤ ኃላፊ ሲሆኑ ይጨምራል፤ የራስን ቢሮ የከፈተ ደግሞ እንደ ደንበኛው ብዛት ነው አለች። "ይህን ቁጭ አድርጌ ልነግርሽ ይገባ ነበር" አለቻት። የፈተናውን ክፍያ ቢሮው ይሸፍናል፤ ደመወዙም ከሚቀጥለው የበጀት ዓመት ጀምሮ ይጨመራል።

"ምን አለች? እንቀመጥ?" አሉ ጋሼ።

ልጄ ትንሽ አሰበች። "ቆዩ ጋሼ፣ ገና አይቀመጡ" አለችና ወደ አለቃዋ ዞረች። ጭማሪው ከዚህ ወር ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ቀንም ለጥናት ቢለቀቅላት ብላ ጠየቀች። ዓይኗንም አልሰበረችም።

አለቃዋ ቆመው የሚጠብቁትን ሁለት አዛውንቶች አየች። እትዬ ሆን ብለው ይሁን ሳያስቡት፣ ጉልበታቸውን አሹ።

"ቀኑን ሐሙስ እናድርገው፤ ጭማሪውም ከዚህ ወር ይሁን" አለች።

"አሁን ይቀመጡ" አለች ልጄ፣ ወንበሩን ራሷ እያቀረበች።

መኪና ውስጥ በጣም ተቆጣችኝ፤ ሁለተኛ እንዳላደርገው አስማለችኝ፤ ማልኩላት። ዛሬም ከጓደኛዋ ያነሰ ነው የምታገኘው፤ ፈተናውም ገና አላለቀም። ሐሙስ ሐሙስ ግን እኛ ቤት ቲቪ አይከፈትም። እትዬም በዚያ ቀን አይደውሉም፤ ልጃቸውን እንኳ "ዛሬ ታጠናለች፣ ተያት" ይሏታል።