በሆላንዳዊው ሠዓሊ ሰበብ ሚስት ልታመልጠኝ ነበር

ይህ የሆነው ካቻምና ነው፤ ፆሙ ተፈትቶ ወልድያ በሰርግ መኪና ጥሩንባ የምትደነቁርበት ሰሞን። ያልረሳሁት ሚስቴን ሊያሳጣኝ የነበረው ሰው ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው፣ አገራችንን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሆላንዳዊ ስለሆነ ነው።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ባጃጅ ላይም መልአክ ሲሉኝ መልአክ፣ አንበሳ ሲሉኝ አንበሳ እሥላለሁ። አንበሳዬን ያዩ ጓደኞቼ "ውሻው የማን ነው?" ይሉኛል። እንዲህም ሆኜ የምወደው ሠዓሊ አለኝ። ያ የሱፍ አበባ የሣለው፣ ጆሮውን የቆረጠው ሆላንዳዊ ነው። ስሙን አጥርቼ ስለማልጠራው "ሰውዬው" እያልኩ ልቀጥል።

ሰውዬው በሕይወት ሳለ ሥዕሉን የሚገዛው አላገኘም ማለት ይቻላል። የሚያኖረው ታናሽ ወንድሙ ነበር። አእምሮውን ያመው ነበርና በአንዱ ክፉ ቀን ጆሮውን ቆረጠ፤ ከዚያ ጆሮው በፋሻ እንደታሰረ ራሱን ሣለ። እኔም ይህንኑ ሥዕል ከስልኬ እያየሁ ጣውላ ላይ ገለበጥኩት። ቀለም ውድ ስለሆነ ከአንድ ሆቴል በር የተረፈኝን ቡናማ ተጠቀምኩ። በዚህ የተነሳ ሰውዬው ጠይም ሆኖ ወጣ። ጥርሱን አሞት ከሐራ ገበያ ለሕክምና የመጣ ሰው መሰለ። በእናቴ ፎቶ አጠገብ ሰቀልኩት።

አከራዬ እትዬ ይታይሽ አንድ ቀን አዩትና "ምን ሆነው ነው?" አሉኝ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሕመሙን፣ ጆሮውን፣ ወንድሙ እስከ መጨረሻው እንዳልተወው። ከንፈራቸውን መጠጡ። "ነፍስ ይማር። ወንድምየው ግን የተባረከ ነው" አሉ። ሥዕል የሚወዱ አከራይ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን የምወዳትን ሰብለን ለማግባት መርሳ ወዳሉት ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጋሽ ሞላ ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው። በእኛ አገር ልጅ ከመስጠት በፊት የወንዱ ዘር ማንዘር ይጠየቃል። ዝምድና እንዳይገኝ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በቤተሰቡ ክፉ በሽታ መኖር አለመኖሩም ይጣራል። ጋሽ ሞላ ይህን ሥራ ለእህታቸው ሰጡ። እህትየዋም ወልድያ መጥተው፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ቀጥ ብለው እትዬ ይታይሽ ቤት ገቡ።

ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ ሲሄዱ ጋሽ ሞላ "ልጁ ጨዋ ነው አሉ። ግን አጎቱ አብዶ ጆሮውን ቆርጧል። ልጄን አልሰጥም" አሏቸው። ይህን የነገሩኝ ሽማግሌ እያወሩ ጆሮዬን ሰረቅ እያደረጉ ያዩ ነበር።

እኔ ደግሞ አጎት የሚባል የለኝም። ግራ ገብቶኝ ለእትዬ ይታይሽ ስነግራቸው ነገሩ ተገለጠ።

"እኔማ አመሰገንኩህ እንጂ!" አሉ። "አጎቱ ሲታመም ወንድሙ አልጣለውም፤ ለዘመድ ሟች ናቸው ነው ያልኩት።"

"እትዬ፣ ሰውዬው እኮ ፈረንጅ ነው።"

ሥዕሉን አዩ፣ ዞር ብለው እኔን አዩ። "በል ተው፤ ዘመድ አይካድም" አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ወይ ቅዱሳን ወይ ዘመድ ነው፤ ባዕድ ሰው ከነፋሻው ማን ይሰቅላል?

ማታውን ሰብለ እያለቀሰች ደወለች። አባቷ አንዴ ከተናገሩ አይመለሱም፤ ሽማግሌ የላከ ሌላ ሰውም እንዳለ ነገረችኝ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። በማግስቱ ወጉን ሁሉ ትቼ ሥዕሉን በጆንያ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወደ መርሳ ሄድኩ። ሲሪንቃ ላይ የተሳፈሩ አንዲት እናት ከጆንያው ብቅ ያለውን ፊት አይተው "እግዜር ይማራቸው" አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

ጋሽ ሞላ ከአይሱዙ ሥር ወጡና ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። "ታዲያ ይኸው፣ ቁርጥ አንተን አይደል?" አሉ።

አሁን ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ የእብድ ዘመድ ወይ መጥፎ ሠዓሊ መሆን። ስልኬን አውጥቼ ዋናውን አሳየኋቸው። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አልኩ። እጃቸውን ጠርገው ስልኩን ተቀበሉ። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ጣውላውን እያዩ ብዙ ቆዩ።

"የኔን ጋራዥ ታፔላ የጻፍከው አንተ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ተመስገን" አሉ። ከዚያ "ሰውዬው ሚስት አልነበረችውም?" ብለው ጠየቁ።

"አላገባም። አንዷን ወዶ ቤታቸው ድረስ ቢሄድ አባቷ አላገናኝም አሉት። እጁን የኩራዝ ነበልባል ላይ አድርጎ፣ እጄ ችሎ እስከቆየ ድረስ እንኳ ልያት ብሎ ለመናቸው። እምቢ አሉ።"

ልጅቱ ራሷም እንዳልፈለገችው ነግሬያቸዋለሁ፤ ያንን ግን የሰሙት አይመስለኝም። ፊታቸው ተለወጠ።

"እኔን ነው?"

"ኧረ በስማም፣ ታሪኩ ነው ጋሼ።"

ሰብለ ከምትሠራበት ፋርማሲ ወጥታ የጋራዡ በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። ጋሽ ሞላ እሷን አዩ፣ እጄን አዩ፣ ጆሮዬን አዩ።

"በል ሂድ፤ ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ" አሉ። "ኋላ አንተም አንድ ነገር ቆርጠህ አገር እኔን ሲያማ ይኖራል።"

ይኸው ተጋባን። ሥዕሉን አማቴ ጋሽ ሞላ ራሳቸው ጠይቀው ጋራዣቸው ውስጥ ሰቅለውታል። ማን ነው ብሎ ለጠየቀ ደንበኛ ሁሉ፣ መኪናው እስኪሠራ ታሪኩን ያወሩለታል። በእሳቸው አተራረክ ግን አባትየው መጨረሻ ላይ ራርተው ልጅቱን ይሰጡታል፤ ሰውዬውም አግብቶ ወልዶ ይኖራል። በቀደም እንዲህ ሲሉ አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ። ላርማቸው ብዬ ሳቄ መጣ። ከዚያ ተውኩት፤ እንደሳቸው አተራረክ በሆነለት ብዬ ተመኘሁለት።