ስትሳብ የምትመጣ አሻንጉሊት

ሲስተር ብርቅነሽ አምቦ ባለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ አዋላጅነት ስታስተምር ፀጉሯ ሸበተ። የማዋለጃ መለማመጃው የፕላስቲክ ሞዴል ከተሰበረ ወዲህ የምታስተምረው ራሷ ከአሮጌ አንሶላና ከጥጥ በሰፋችው አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቷ ግን አንድ ጉድ አለባት፤ በየትም በኩል ቢስቧት ተጣጥፋ ትወጣለች። ሕፃን አጥንት አለው። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሲያዝ እንዴት እንደሚያስለቅቅ እጅ ካልለመደ አለቀ፤ ይህን በጨርቅ ማስለመድ ደግሞ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ስለዚህ የኮሌጁ እውቅና የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ደስ አላት። ባለቤቱ ኦቦ ሌታ ሞዴል ይግዙልን ሲባሉ ነገ ነገ ይላሉ፤ ገምጋሚ ጉድለቱን ካየ ግን ሳይወዱ በግድ ይገዛሉ ብላ አሰበች። ኮሌጁ ለገምጋሚዎቹ ለሚያቀርበው ሪፖርት የድርሻዋን ስትጽፍም አልደበቀችም። ሞዴል የለንም፣ በጨርቅ አሻንጉሊት ነው የምንሠራው፣ አይበቃም አለች።

ዲኑ ፊራኦል ልጅ እግር ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ጊዜም የለውም። የየክፍሉን ጽሑፍ ሰብስቦ ለኤአይ ሰጠና ከመመዘኛው ጋር አዛምደህ፣ አሳምረህ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ አለው። ማሽኑ ምን ያድርግ? አሳምር ተባለ፣ አሳመረ። አሻንጉሊቷ «በአካባቢ ቁሳቁስ የተሠራ የማስተማሪያ ፈጠራ» ተብላ ከኮሌጁ ጠንካራ ጎኖች ተርታ ገባች። «አይበቃም» ያለችው የት እንደገባ እንጃ፤ ፊራኦልም አላነበበው።

ገምጋሚዎቹ መጥተው አሻንጉሊቷን አቅፈው ፎቶ ተነሡ። ከመካከላቸው አንዷ ብቻ ወደ ብርቅነሽ ዞር ብላ፣ ለመሆኑ ተማሪዎቹ በዚህች በደንብ ይለምዳሉ ወይ ስትል ጠየቀች። ከብርቅነሽ አጠገብ ኦቦ ሌታ ቆመዋል። ባሏ የሞተ ጊዜ ድንኳን ያስተከሉ፣ ልጇን በነፃ ያስተማሩላት ሰው ናቸው። በእንግዳ ፊት እንዴት ገመናቸውን ታውጣ? አይ ይሉኝታ!

«ደህና ናት፤ ትረዳናለች» አለች።

እውቅናው ታደሰ። ኦቦ ሌታ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገጥመው መግቢያው ላይ ሰቀሉት። ፈጠራ እያለን ሞዴል ምን ሊሠራልን አሉና የግዢው ወሬ በዚያው ቀረ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ወረቀቱም እንደዚያው ነበር።

በዓመቱ ተመራቂዋ ሶረቲ፣ ሸነን በሚባል አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ከክፍሉ ጎበዟ እሷ ነበረች። አንድ ከሰዓት በኋላ ለብርቅነሽ ደወለችና ብዙ አለቀሰች። የሕፃኑ ጭንቅላት ወጥቶ ትከሻው ተያዘባት፤ አምቡላንሱ ዘገየ፤ እሷም እንደተማረችው ሳበች። እናትየው ተርፋለች፣ ልጁ ግን ሞቷል።

«ሲስተር፣ የኛዋ እኮ ስስባት ትመጣ ነበር» አለች።

ብርቅነሽ ስልኩን ዘጋች። አዲሶቹ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ይጠብቋት ነበርና ገባች፤ አሻንጉሊቷን ከመደርደሪያው አውርዳ ፊት ለቆመችው ልጅ ሰጠቻት።