ያልታረመው ፈተና

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት «እትዬ ማኅተም» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ማኅተሙን የምትይዘው እሷ ናት፤ ተማሪ ቢለማመጣት አትሰማም፣ መምህር ቢቆጣት አትደነግጥም። «ወረቀቱ ይናገር» ትላለች፣ በቃ። በዚህ ትኮራ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው አዲስ ለሚገቡ ተማሪዎች በየዓመቱ የሒሳብ መለያ ፈተና ይሰጣል። ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው የመጀመሪያውን የሒሳብ ኮርስ ሳይማር ክሬዲቱ ይያዝለትና ቀጥታ ወደሚቀጥለው ኮርስ ይገባል። የወደቀ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ማጠናከሪያ ክፍል ይቀመጣል። የዚያን ዓመት ስድስት መቶ አርባ ሰው ተፈተነ። እሷ ራሷ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ወረቀቱን ሰበሰበች፤ ሃያ ሃያ እያደረገች ቡናማ ፖስታ ውስጥ ከተተች፤ አፉን አሽጋ እሽጉ ላይ ፈረመች። ሠላሳ ሁለቱንም ፖስታ ለቢሮ ኃላፊው አስረከበች።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሌላ ጊዜ ሁለት ሳምንት ይፈጅ ነበር።

«ምነው ዘንድሮ ፈጠነ?» አለችው። ኃላፊው በዕድሜ አሥር ዓመት ታናሿ ነው፤ ግን እሱ «አንቺ» ሲላት እሷ ወንበሩን አክብራ «እርስዎ» ትለዋለች።

«መምህራኑ በርትተዋል» አላት፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

ደስ አላት እንጂ አልጠረጠረችም። ዝርዝሩን ገጽ በገጽ ማኅተም መታችበትና ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው።

በማግስቱ መስኮቷ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። እንደ ሌሎቹ ለጋ ልጅ አይደለችም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል። ዘጠኝ ዓመት በመሬት ቀያሽነት ሠርታ፣ ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ ልትማር የመጣች ናት።

«እትዬ፣ ሠላሳ አንድ ነው ያገኘሽው ተባልኩ።»

«እንግዲህ ሠላሳ አንድ ነዋ።»

«ቀያሽ ነኝ እኮ። ማዕዘን ሳሰላ ነው የኖርኩት። አንድም ጥያቄ አልዘለልኩም። ወረቀቴን ልየው።»

«እህቴ፣ የወደቀ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው።»

ቀያሿ አልጮኸችም። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ በመስኮቱ አሾለከችላት። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ነው። «ተማሪ ውጤት በወጣ በአሥር ቀን ውስጥ ወረቀቱን የማየት መብት አለው ይላል። ከታች ያለው ማኅተም የእርስዎ መሰለኝ።»

የእሷው ነበር። ተነሥታ ኃላፊው ዘንድ ገባች።

«የዘንድሮው ወረቀት ተወግዷል» አላት።

«በአራት ቀን? አንድ ዓመት መቀመጥ አለበት እኮ!»

«ቦታ የለማ። ለአንዲት ሴትዮ ብለሽ ራሴን አታዙሪው።»

ወጣች። ግን ወደ መስኮቷ አልተመለሰችም። ቢሮው ውስጥ ወረቀት የሚወገድበት መንገድ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ደረጃው ሥር ያለው ዕቃ ቤት ይገባል፣ ከዚያ የጽዳት ሠራተኞች ወስደው ያቃጥሉታል። የዕቃ ቤቱ አንዱ ቁልፍ ደግሞ እሷ ዘንድ አለ።

በሩን ስትከፍት ሽታው ፊቷን መታት። ከላይ ያለው የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ግድግዳው አረንጓዴ ሆኗል። ከተሰባበሩት ወንበሮች ጀርባ ፖስታዎቹ ተከምረዋል። አንዱን አነሣች። ፊርማዋ እንዳለ ነው፤ እሽጉ አልተነካም። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። እየቆጠረች ወደ ታች ወረደች። የመጨረሻውን ልታነሣ እጇን ስትሰድ እርጥብና ለስላሳ ነገር ነካች። አይጥ ፖስታውን ቦድሳ፣ ወረቀቱን አድቅቃ ጎጆ ሠርታበታለች፤ ጠጉር ያላወጡ ቀያይ ግልገሎች ጎጆው ውስጥ ተርመሰመሱ። እጇን ነጥቃ ወደ በሩ አፈገፈገች።

እዚያ ቆማ የመጣላት ሐሳብ ይህ ነበር፤ የዘንድሮን ፈተና የከፈተ ፍጡር ቢኖር አይጧ ብቻ ናት።

አንዱን ፖስታ ይዛ ተመለሰች። ኃላፊው ብርቱካን እየላጠ ነበር። ፊቱ አኖረችለት። አልደነገጠም። ይህ አለመደንገጡ ነው ከአይጧ ይልቅ የቀፈፋት።

«በሩን ዝጊው» አለ። ከዚያ እንደ ወሬ አወራላት። «አራት የማጠናከሪያ መምህራን ተመድበዋል። ክፍሉ ባዶ ቢሆን ምን ይሠራሉ? ለእያንዳንዳቸው ስልሳ ተማሪ ያስፈልጋል። ሁለት መቶ አርባ ሰው ከየት ላምጣ?»

«እና?»

«ከስም ዝርዝሩ መጨረሻ ያሉትን ወስደን ጣልናቸው። ውጤቱን ኮምፒውተሩ አወጣልን፣ ቁጥሩ እንዳይመሳሰል።» አንድ ፍልቃቂ ጎረሰ። «አንድ ሴሚስተር ቢከልሱ ምን ይሆናሉ? መማር ማንን ጎዳ?»

የብርቱካኑን ጭማቂ ከጣቱ ላይ ፖስታው ላይ ጠረገው። ልክ ፊርማዋ ላይ።

«አንተ» አለችው። እሱ ኃላፊ በሆነ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «አንተ ሰው! በዚህ ቅሌት ላይ እኔን ነው ማኅተም ያስመታኸኝ?»

ሳቀ። «አንቺስ ብትሆኚ? ሃያ ሁለት ዓመት ስትመቺ አንድ ቀን ወረቀትና ውጤት አመሳክረሽ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ፖስታውን አንሥታ ወጣች፤ ዕቃ ቤቱ መልሳ ቆለፈችበት። መታጠቢያው ጋ ሄዳ እጇን በሳሙና ደጋግማ ፈተገችው። 

ቤቷ ስትደርስ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ መካኒክ የሆነው ባሏ ገና ፊቷን አይቶ «ምን ሆንሽ?» አላት። ነገረችው። ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ታዲያ የእህትሽ ልጅስ?» አለ።

ይህን ነበር ቀኑን ሙሉ ላለማሰብ ስትሸሽ የዋለችው። የእህቷ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ተፈትና ሃያ ስምንት ተብላ ማጠናከሪያ ክፍል ገብታ ነበር። «አክስቴ፣ እኔ እኮ ሠርቻለሁ» ብላ ስታለቅስ «ወረቀቱ ይናገር» ያለቻት እሷ ናት። ልጅቷ ሴሚስተሩን ሳትጨርስ ትምህርቱን ጥላ ወጣች፤ አሁን ፀጉር ቤት ተቀጥራለች። የዚያ ዓመት ወረቀት ተቃጥሏል። እውነት ወድቃ ይሁን ተጥላ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ሄደች። የእህቷ ልጅ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች ነበር። ደንበኛዋ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር እስክትገባ ጠብቃ፣ አጠገቧ ቆማ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት።

ልጅቷ ማበጠሪያውን ከነፀጉሩ አስቀመጠች።

«እሱን ለምን ነገርሽኝ?»

«እውነቱን ማወቅ አለብሽ ብዬ ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

«እውነቱን መቼ ነገርሽኝ? ምናልባት ነው ያልሽኝ። ደደብ ነኝ ብዬ ተቀብዬው ተቀምጬ ነበር፣ አክስቴ። ለምጄው ነበር። አሁን እሱንም ወሰድሽብኝ።» ፊቷን አዞረች። «ሂጂልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ሰኞ ጠዋት፣ ኃላፊው ሳይገባ፣ የጽዳት ሠራተኞቹን ጋሪ ተውሳ ፖስታዎቹን በሙሉ ከዕቃ ቤቱ አወጣች። ወሰደቻቸውም ወደ አንድ ሽማግሌ የሒሳብ መምህር፤ ከሰው የማይገጥም፣ ስብሰባ ረግጦ በመውጣት የታወቀ ሰው ነው። አይጥ የበላውን ፖስታ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሸተተውና «ይሄኛውን እንኳን በሐቅ የከፈተው አለ» አላት። ሥራዋን እየሠራች በምሳ ሰዓቷ እሱ ዘንድ እየሄደች፣ እሱ ሲያርም እሷ ስትደምር ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ወድቀዋል ከተባሉት ሁለት መቶ አርባ ሰዎች መቶ ስልሳ ሁለቱ አልፈው ተገኙ። ቀያሿ ዘጠና አራት አግኝታለች። አሥራ አንድ ወረቀት አይጥ ስለበላው ሊነበብ አልቻለም።

ነገሩ ኮሚቴ ዘንድ ቀረበ። ኮሚቴው ከወር በላይ ተሰበሰበ፤ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ እየጠጣ፣ አንገቱን እየነቀነቀ። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። የጻፉትም «የአሠራር ክፍተት ታይቷል» ብለው ነው። አቤቱታ በጽሑፍ ያቀረበችው ቀያሿ ብቻ ስለሆነች ክሬዲቷ ተያዘላት። የሌሎቹ ግን ትምህርቱ ስለተጋመሰ ባሉበት ይቀጥሉ ተባለ። ኃላፊው ወደ ዕቅድ ክፍል ተዛወረ፤ መስኮቱ አትክልት ቦታውን የሚያይ፣ ከቀድሞው የሚሰፋ ቢሮ ተሰጠው።

ቃለ ጉባኤውን አምጥተው «ማኅተም ምቺበት» አሏት።

ሁለቴ አነበበችው። የምታነበው የታኘከ ነገር ይመስል ፊቷ ተጨማደደ። «ክፍተት? ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው ቁጥር ነው ክፍተት የሚባለው? እኔ እዚህ ላይ አልመታም።»

«እኛ ደግሞ የሚመታ አናጣም» አላት ሰብሳቢው።

አላጡምም። እሷን ፎቶ ማንሻ ክፍል መደቧት፤ ለተማሪ መታወቂያ ቀኑን ሙሉ «ቀና በል፣ ቀና በይ» እያለች ትውላለች።

እዚያ ቁጭ ብላ ግን ለቀሩት መቶ ስልሳ አንድ ሰዎች አንድ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ሦስት መስመር ነው፤ እውነተኛ ውጤትህ ይህ ነው፣ ሐሰተኛውን ያጸደቅኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። ማኅተም የለውም፤ የእሷ ፊርማና የሽማግሌው መምህር ፊርማ ብቻ። የማጠናከሪያው ክፍል በር ላይ ቆማ በእጃቸው ሰጠቻቸው። አንዱ አንብቦ ሳቀ፤ አንዷ ፊት ለፊቷ ቀደደችው፤ አንዱ ረጅም ልጅ ደግሞ «ታዲያ እስካሁን የት ነበሩ?» ብሎ ፈጠጠባት። አንገቷን ደፍታ ተቀበለችው። ደብዳቤውን የያዙት አብዛኞቹ ግን በማግስቱ ክፍሉን ለቀው የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ቀያሿም የራሷ ጉዳይ አልቆ ሳለ መጥታ አብራቸው ተቀመጠች። ሰባት ቀን ፈጀ። ለሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ ሲከፈት ክሬዲቱ ለሁሉም ተያዘ።

ለሁሉም ማለት ግን ለቀሩት ነው። ሠላሳ አራቱ ደብዳቤው ከመጻፉም በፊት ትምህርቱን ትተው ሄደዋል። በምሳ ሰዓቷ ከማመልከቻ ቅጻቸው ላይ ስልክ እየፈለገች አንድ በአንድ ደወለችላቸው። አሥራ ዘጠኙን አገኘች። አንዱ የሲሚንቶ ማደባለቂያ ድምፅ እየዋጠው አነጋገራት።

«ሰማንያ ሁለት ነው ያገኘኸው፣ ልጄ። አልወደቅክም» አለችው።



«እሺ» አላት። «አሁን ምን ላድርገው?»

ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ ነገረችው። እመጣለሁ አልመጣም ሳይላት ስልኩን ዘጋው። እሷም ቀጣዩን ቁጥር መደወል ጀመረች።