ዘይነባና የወፍጮው ጭስ

በቡታጅራ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ዕለት አለቃዬ፣ ጤና መኮንኑ አቶ ኃይሌ፣ ማዳመጫ ሰጡኝና፣ "ትንፋሽ ያጠረውን አታሰልፊ፤ ቀጥታ አስገቢ" አሉኝ።

ዘይነባን ያወቅኋት በሦስተኛው ዓመት ነው። ከመስቃን ገጠር መጥታ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት። አስም ከልጅነቷ ነበረባት፤ እህል ሲወቃ ብናኙ ያስነሳባት ነበር። ያኔ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። በዚያ ዓመት ግን በየሳምንቱ መምጣት ጀመረች። ደረቷ እያፏጨ፣ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች።

የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን መድኃኒት፣ አሚኖፊሊንን፣ በደም ሥሯ ቀስ አድርጌ እሰጣታለሁ። ሲሻላት ክኒኗን ይዛ ትሄዳለች። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ "ክኒኑን አትውጪም ማለት ነው!" ብዬ ተቆጣኋት።

"ወላሂ እውጣለሁ፣ ሲስተር" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ከቤት ስወጣ ይሻለኛል። ስፌቴ ላይ ስቀመጥ ነው የሚያፍነኝ።"

ያለችውን ሰምቼ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ። ካርዷ ላይም አልጻፍኩትም።

በሳምንቱ ጎረቤቶቿ በጋሪ አመጧት። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ መናገር አትችልም። ኦክስጅን ሰጥተን፣ መርፌ ወግተን፣ ረፋዱ ላይ ነፍሷ መለስ አለ።

"ቤቷን አይተሽዋል?" አሉኝ አቶ ኃይሌ።

"አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም።"

በማግስቱ ዘይነባን ይዘን ወደ ቤቷ ሄድን። ከክፍሏ ጎን በቅርቡ የተተከለ የናፍጣ ወፍጮ አለ። የጭስ ማውጫው ቱቦ የሚተፋው በመስኮቷ ሥር ነው። የመስኮቷን ደፍ ብነካው ጣቴ ጥቀርሻ ሆነ።

ባለወፍጮው አቶ ደሳለኝ፣ "እኔ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም" አሉን።

"የእርስዎ ሰውነት የእህሉን ብናኝ አይጣላም" አሉ አቶ ኃይሌ። "የእሷ የሰውነት መከላከያ ግን እንደ በሽታ ይዋጋዋል። ጭሱ ደግሞ የአየር ቧንቧዋን ውስጡን ይጎዳዋል። ብናኙ በተጎዳው በኩል ዘልቆ ሲገባ መከላከያዋ ይብስ ይቆጣል። ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠባል፣ አክታ ይዘጋዋል። ብናኙ ብቻውን ያስላት ይሆናል፤ ከጭሱ ጋር ግን ይገድላታል።"

አቶ ደሳለኝ ወደ ዘይነባ ዞሩ። "ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ሰፈሩ ሁሉ የሚያስፈጭበትን ወፍጮ ዝጉ ልበል እንዴ?" አለች።

ወፍጮው አልተዘጋም። አቶ ደሳለኝ በያጅ ጠርተው ቱቦውን ከጣሪያ በላይ አስረዘሙት፤ አፉንም ወደ ሜዳው አዞሩት። እሷንም ከወፍጮው ራቅ ብላ በጓሮ በኩል ካለች ክፍላቸው አስገቧት። አስሟ አልጠፋም፤ ነገር ግን ወራት ሳናያት ያልፉ ጀመር። መድኃኒቷን ልትወስድ ስትመጣ ይቅርታ ጠየቅኋት።

"አንቺም ሰው ነሽ፤ ይደክምሻል" አለችኝ።

በኋላ ወልቂጤ ተዛውሬ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። በሽተኛውን ካረጋጋሁ በኋላ የት እንደሚውል፣ የት እንደሚብስበት እጠይቅ ነበር። የሚለውንም ካርዱ ላይ እጽፍ ነበር።