አስራ አንደኛው እንሽላሊት

ጂቱ የጭልሞን ደን መጠበቅ ከጀመረች አስራ አራት ዓመት ሞልቷታል። በነዚህ ዓመታት አንድ ነገር ተምራለች፤ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ከሚመጣው ይልቅ ያሰጋል። አንድ ጊዜ የወደቀ እንጨት አነሳለሁ ብሎ ፈቃድ ያሳየ ሰው እርጥቡን ጥድ ገዝግዞ በአይሱዙ ጭኖ ሄዷል። መንገዱን ያሳየችው እሷው ነበረች።

ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሲሞን የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ደብዳቤውን ዘርግቶ «እንሽላሊት ላጠና ነው የመጣሁት» ሲላት፣ ከፊቱ ይልቅ ቦርሳውን አየች።

«ለእንሽላሊት ብሎ ከአምቦ የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?»

«አዴ ጂቱ፣ እዚህ ያሉት ከሌላው ቦታ የተለዩ ይመስለኛል። እስካሁን ማንም አልመዘገባቸውም።»

ደብዳቤው አስር እንሽላሊት ብቻ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ጂቱ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስነበበችውና «አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው።

ጠዋት ጠዋት፣ ብርዱ እንሽላሊቶቹን ሳይለቃቸው፣ ሲሞን የወደቀ ግንድ እያገላበጠ ይይዛቸዋል። በማጉያ መነጽር የአገጫቸውን ቅርፊት ይቆጥርና ይጽፋል። አብዛኞቹን መልሶ ይለቃል፤ ጥቂቶቹን ግን ገድሎ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ይከታል። ጂቱም በብልቃጦቹ ልክ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች።

«ለማን ነው የምትሸጣቸው?» ትለዋለች በየቀኑ።

«አይሸጡም።»

በስድስተኛው ቀን ሊሰናበታት ሲመጣ ቦርሳውን አስከፈተችው። ቋጠሮዋ አስር ነው፤ ብልቃጦቹ አስራ አንድ።

«ይሄስ?»

ሲሞን ብልቃጡን አነሳ። «ትናንት እርስዎ ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ ያገኘሁት ነው። ወንዱ እሱ ብቻ ነው፤ ያለሱ ዝርያው የተለየ መሆኑን ማሳየት አልችልም።»

«ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?»

«ስለማያምኑኝ።»

«አሁንማ አመንኩህ!» አለችና ብልቃጡን ከእጁ ወሰደች። «አስራ አንድ የሚል ደብዳቤ ስታመጣ ትወስደዋለህ።»

ለመነ፣ ተቆጣ፤ በመጨረሻ አልኮሉ እንዳይጎድል አደራ ብሎ ሄደ።

ብልቃጡ ጂቱ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ክዳኑ ደህና አይገጥምም ነበርና ከወር በኋላ የእንሽላሊቱ ጀርባ ከፈሳሹ በላይ ወጥቶ ታየ። ጂቱ ጊንጪ ገበያ ወርዳ ኃይለኛ አረቄ ገዝታ ሞላችው። በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ ስትጀምር ግን ሰው አስተዋላት። በሕይወቷ መጠጥ ያልቀመሰች ሴት! ጎረቤቷ ሸዋነሽ ደግሞ አንድ ቀን ብልቃጡን አየች፤ ከዚያ በኋላማ ወሬው ከመጠጥ አልፎ መተት ላይ ደረሰ። የደን ማህበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ተሻለ ራሳቸው ቤቷ መጡ።

«ዱጋውን፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለማን ልትሸጪው ነው?»

ይህንኑ ጥያቄ እሷ ለሲሞን ስንት ጊዜ እንዳነሳችበት ታውቃለች። «አደራ ነው፤ ባለቤቱ ይመጣል» ብላ መለሰች። እንዳላመኗት ፊታቸው ላይ አነበበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስብሰባ ላይ ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

ሰባት ወር አለፈ። መምህሩ አይመለስም ብላ ተስፋ በቆረጠች ሰሞን ሲሞን አዲስ ደብዳቤ ይዞ፣ ሃቦኔ የምትባል የእንሽላሊት ባለሙያ አስከትሎ መጣ። ሃቦኔ ብልቃጡን ከፍታ አሸተተችና ደነገጠች።

«ይሄ አረቄ ነው?»

«አልኮሉ ሲያልቅ ምን ላድርግ?» አለች ጂቱ ተቆጥታ።

ሃቦኔ እንሽላሊቱን በማጉያ መነጽሯ ረጅም ጊዜ አገላብጣ አየችው። ቀለሙ ገርጥቷል፤ ቅርፊቱ ግን እንዳለ ነው። «ይበቃናል» አለች።

ጥናቱ ታትሞ እስኪወጣ ሁለት ዓመት ፈጀ። እንሽላሊቱ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። ሲሞን ወረቀቱን ይዞ መጥቶ በአማርኛ እየተረጎመ ሲያነብላት፣ ጂቱ አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠችው።

«ግንዶቹ ያሉበትን ቦታ ጽፈሃል?»

«አልጻፍኩም። ጭልሞ ብቻ ነው ያልኩት። ይህን አንብቦ ሊለቅማቸው የሚመጣ ሰው አይጠፋም ብዬ ፈራሁ።»

ጂቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችለት። ቀጥላም ከወንዙ ማዶ ያለውን ቁልቁለት በጣቷ አመለከተችው።

«እዚያም አሉ» አለችው። «አንተ ሳትመጣም አውቃቸው ነበር።»