ሀሰኖ የቀበረው የመብራት መስታወት

በዲክሲስ በኩል ሀሰኖ ቱሳን የማያውቅ ሰው ይቅርና ላም እንኳ አልነበረም። በደርግ ጊዜ አሰላ በነበረው የከብት እርባታ መሥሪያ ቤታችን የማዳቀል ሠራተኛ ነበር። የፈረንጅ ኮርማ ዘር በሚጨስ ቀዝቃዛ ጋን ይዞ በሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር ይዞራል፤ ኮርማ የፈለገች ላም አለች ሲባል ይደርሳል። ገበሬው መጀመሪያ ላይ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሲያላግጥበት ከርሟል። ጥቁርና ነጭ ጥጆች መወለድ፣ ወተቱም ከጮጮ መትረፍ ሲጀምር ግን ሀሰኖን ለምሳ የማይጠራ ቤት ጠፋ።

እኔ አሰፋሽ ነኝ። የዚያው መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ፤ ያውም ክፉዋ። ሰው ክፉ ሲለኝ አይከፋኝም ነበር፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። ደንቤ አንድ ነው፤ የተሰበረውን ሳያመጣ አዲስ የሚወስድ የለም። መጥረጊያም ቢሆን ስባሪው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ አዲሱ በሞዴል 22 ይወጣል። ለአንድ ሰው በሩን ከከፈትኩ አለቀልኝ፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

በሰባ አራት ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሀሰኖ መስኮቴ ላይ መጥቶ ቆመ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

«የሞተሩ የፊት መብራት መስታወት ተሰበረ» አለኝ። «ከጭነት መኪና ጎማ የተፈናጠረ ድንጋይ ነው።»

«ስባሪውስ?»

«ቀበርኩት።»

«ምን አልከኝ?»

«ከብት የሚሄድበት መንገድ ነው። ኮቴያቸውን እንዳይቆርጠው ለቅሜ ዳር ላይ ቀበርኩት።»

በሥራ ዘመኔ ጠፋ፣ ተሰረቀ፣ አይጥ በላው ሲባል ሰምቻለሁ። ተቀበረ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ግምጃ ቤቱ ውስጥ የቀረችው አንዲት መስታወት ናት፤ በዚያ ዘመን ሌላ ቢታዘዝ ዓመት ይፈጃል፤ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ ገዢ አይጠፋም። ደህናውን ሸጦ ተሰበረ ይለኛል ብዬ ጠረጠርኩ። ጥርጣሬዬን በሆዴ ብይዘው ደግ ነበር፤ ሄጄ ለንብረት ኮሚቴው ሰብሳቢ ለጓድ ሀብተ ማርያም ነገርኩት።

ኮሚቴው ለመሰብሰብ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ውሳኔው እንዲህ ነበር፤ አጣሪዋ አሰፋሽ ቦታው ድረስ ትሂድ፤ ስባሪው ተገጣጥሞ ክቡ ሲሞላ በዓይኗ ካየች ትፈርም። እስከ ሰኞ ካልተገኘ ግን ሀሰኖ ሞተሩን ያስረክብና ቢሮ ገብቶ መዝገብ ይገልብጥ።

ሀሰኖ አልተቆጣም። «ሞተሩን ውሰዱት፤ ሌባ ግን አትበሉኝ» አለ። ዝም አይነቅዝም ብሎ የሚኖር ሰው እንዲህ ሲናገር ያስደነግጣል። እኔ ግን ልቤን አደነደንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከኋላው ተፈናጥጬ ከአሰላ ወጣን። ሞተር ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ነጠላዬን አደግድጌ፣ መዝገቤን በብብቴ ይዤ፣ የሰው ወንድ ወገብ አልይዝም ብዬ የመቀመጫውን ብረት ጨበጥኩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ክብሬን ትቼ ሀሰኖን ጥምጥም አልኩበት። የእሱ ጆሮ ቀላ።

ዲክሲስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ጉሙ ወረደ። የሰኔን የደጋ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የራሴን ጫማ ማየት አቃተኝ። ሀሰኖ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና መግፋት ጀመረ።

«ለምን አትነዳም?» አልኩት።

«መብራት የለኝማ። ያለ መስታወት ባበራው ጉሙ ያረጥበውና አምፖሉ ይፈነዳል። ሳላበራ ብነዳ ደግሞ ከብቱ ላይ እወጣለሁ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ እየገፋ ኖሯል። ላም ኮርማ ከፈለገች በዚያው ቀን ካልተደረሰላት ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። እየገፋ እስኪደርስ ጊዜው ያለፈባቸውን ላሞች ባለቤቶች አንድ በአንድ በስም ጠራልኝ። ሆዴ ባባ። አፌ ግን አሁንም «እስቲ ስባሪው ይታይ» አለ።

ቦታው ላይ ስንደርስ ከአንድ ጥድ ሥር ሦስት እርምጃ ቆጥሮ በእጁ ቆፈረ። አፈሩ ልል ነበር፤ ስባሪ ግን የለም። ሀሰኖ እንደተንበረከከ ቀረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልክ በመሆኔ ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። ከዲጃ ይባላሉ፤ ከመንገዱ በላይ ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሀሰኖን በኦሮምኛ የራሱን፣ የልጆቹን፣ የሞተሩንም ደህንነት ጠየቁት። ከዚያ እኔ እንድሰማ ነው መሰለኝ ወደ አማርኛ ዞሩ።

«መድኃኒቱን ፈልገህ ነው?»

«የምን መድኃኒት፣ አዴ ከዲጃ?»

«የቀበርከውን ነዋ። እኛ አውጥተን ተካፈልነው። እስካሁን ዝም ያልነው እንዳትወስድብን ነው።»

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ያለ ኮርማ ላም የሚያስረግዝ ሰው መንገድ ዳር ተንበርክኮ አንድ ነገር ሲቀብር ቢታይ፣ ያ ነገር ተራ ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ ማን ነው? ሴቶቹ ቆፍረው አወጡት። ለአሥራ ሁለት ቤት አንድ አንድ ስባሪ ደረሰ። ሁሉም በጨርቅ ጠቅልለው፣ ኮቴ እንዳይነካው ከጥጃው በር በላይ ሰቀሉት።

ሀሰኖ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔንም ሳቅ አፈነኝና መዝገቤ ከብብቴ ወደቀ።

«ሸጦታል ብዬህ ነበር። በድዬሃለሁ» አልኩት እንባዬን እየጠረግኩ።

«እኔም ግምጃ ቤት ብሆን ቀበርኩት የሚለኝን አላምንም» አለ።

ስባሪው መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር፣ ማስመለሱ ሌላ ነገር ነው። ሴቶቹ ተሰብስበው ስንለምናቸው ዙቤዳ የምትባል ወጣት ባለትዳር እጇን አጣመረች።

«አልሰጥም። ላሜ ሦስት ሳምንት አለፋት፤ ኮርማ አልፈለገችም። ስባሪው ነው ያስረገዛት።»

«እኔ ነኝ ያስረገዝኳት» አለ ሀሰኖ። ሴቶቹ በሳቅ ሲፈርሱ ምን እንዳለ ገባውና ወደ ሞተሩ ዞረ።

እኔ ተነሥቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ስባሪው እስከ ሰኞ ካልተገኘ ሞተሩ ይወሰዳል፤ ሀሰኖም ቢሮ ይቀመጣል፤ ወደ እናንተ መንደር የሚመጣ አይኖርም አልኳቸው።

«ይህ ሁሉ ለወረቀት ነው?» አሉኝ ከዲጃ።

«ማኅተም አለበት፣ እማማ። እርስዎ ይፍረዱኝ፣ ደንብ ነው።»

«የእኛ ክታብ ይሻላል። ወተት ይሰጣል።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «መስታወቱ በእግሩ አይመጣም። የሚመጣልን ሰውየው ነው።»

አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄደው በጨርቅ የተጠቀለለ ስባሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ነጠላዬን ሣሩ ላይ ዘርግቼ መግጠም ጀመርን። ዙቤዳ ከሁላችንም ቀደመች። በመሀል ወደ ቤቷ ሮጣ የሽቦ ወንፊት አመጣች።

«አዲሱን ይህን አልብሰው» አለችው። «ብርሃን ያሳልፋል፤ ድንጋይ አያሳልፍም።»

ሀሰኖ በፒንሳ ክብ አድርጎ ቆረጠው፤ የመብራቱ አፍ ላይ ለክቶ በቀጭን ሽቦ አሰረው። በመንግሥት ንብረት ላይ የግል ዕቃ መግጠም ክልክል ነው። ሀሰኖ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ጉሙን አየሁ።

ከነጠላዬ ላይ አሥራ አንድ ስባሪ ተገጣጥሞ መሀሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ቀረ። ሁሉም ወደ ከዲጃ ዞሩ።

ከዲጃ ያለቻቸው አንዲት ላም ናት። ሁለት ዓመት አልወለደችም። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሀሰኖ በጉሙ ምክንያት ካልደረሰላቸው ላሞች አንዷ የሳቸው ነበረች። ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ወጡ፤ ቆይተው በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረውት መጡ። ቋጠሮውን ለመፍታት ጊዜ ወሰዱ።

«የእኔ ገና ናት» አሉ። «ቢሆንም ያዢው። እሱ ይምጣልኝ።»

ቦታው ላይ አኖርኩት። ክቡ ሞላ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሀሰኖም አብሮ አጨበጨበ። የእኔ ዓይን ለምን እንደረጠበ ዛሬም ጉሙ ነው እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። እነዚያን እጆች እያየሁ በደንቤ አፍሬ ነው።

ሰኞ አዲሱ መስታወት ወጥቶ ከወንፊቱ ሥር ተገጠመ። ማክሰኞ ጠዋት ሀሰኖ መብራቱን አብርቶ እየነዳ ጉሙ ውስጥ ገባ፤ መጀመሪያ የቆመውም ከከዲጃ ደጅ ነው።

መዝገቡ ዛሬም ግምጃ ቤት ይኖር ይሆናል። ሞዴል 19 ላይ በእጄ የተጻፈው «አሥራ ሁለት ስባሪ፣ ተገጣጥሞ ታይቷል» ይላል፤ ፊርማው የእኔ ነው። ያን ቅዳሜ ግን አጎንብሼ ነጠላዬን ሳጥፍ የመሀሉን ስባሪ አንሥቼ በከዲጃ መዳፍ ውስጥ መልሼ ጣቶቻቸውን ጨበጥኩላቸው። ግምጃ ቤት የገባው አሥራ አንድ ነው።